የቺለር ጥገና ማስታወሻ፦ ሐዋሳ፣ ከጥር እስከ መጋቢት

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ማሽኑ በአየር የሚቀዘቅዝ ስክሩ ቺለር ነው፤ ለሕንጻ ማቀዝቀዣ የሚዞረውን ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ማለት ነው። ሁለት ሰርኪዩት አለው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኮምፕሬሰርና የራሱ የጋዝ መስመር ነው። ጋዙ አር134ኤ፣ አቅሙ 300 ኪሎዋት ገደማ። ሐይቁ ዳር ያለ የአንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። አዳራሹን፣ ሬስቶራንቱንና የላይኛውን ፎቅ ክፍሎች ያቀዘቅዛል። ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ሰርኪዩት 38 ኪሎ ጋዝ ይላል።

ቅሬታው፦ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ውሃ ከ9 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ መውረድ ያለበት 7 ነው። ሰርኪዩት 2 ደግሞ በሎው ፕሬዠር ትሪፕ እያደረገ (ግፊቱ ከልክ በታች ሲወርድ ራሱን እያጠፋ) ይቆማል። የጥገና ኃላፊው ገና ጣሪያው ላይ ሳንወጣ ፍርዱን ሰጥተዋል። "ጋዝ ነው ያነሰው፤ ሙሉልን። ቅዳሜ ሠርግ አለብን።"

የማሽኑን መዝገብ ጠየቅኩ። መኖሩ ራሱ ጥሩ ነው፤ ብዙ ቦታ አይገኝም። ገጾቹን ስንገልጥ ግን በየዓመቱ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ዓይነት መስመር ነው የተጻፈው፦ "ጋዝ ተሞላ"። ስንት ኪሎ እንደገባ የለም። ከየት እንደፈሰሰም የለም።

ቺለር ነዳጅ እንደሚጨርስ መኪና አይደለም። ጋዙ በዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። አይቃጠልም፣ አያልቅም። አነሰ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ወጣ ማለት ደግሞ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ የተጨመረ ጋዝ በመጣበት መንገድ ይሄዳል። ኃላፊውን "ጋሼ፣ ቅዳሜን እናሳልፍዎታለን፤ ዛሬ ግን ቦምቦላ አልከፍትም" አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። ጊዜ ግን ሰጡን።

የመጀመሪያው ልኬት

የውጭ አየር 28 ዲግሪ። ሁለቱም ኮምፕሬሰሮች ሙሉ ሎድ ላይ እያሉ ለካን።

ሰርኪዩት 1፦ ሃይ ሳይድ (ከኮምፕሬሰሩ በኋላ ያለው ከፍተኛ ግፊት) 13.4 ባር። ወደ ሙቀት ሲቀየር 53 ዲግሪ ኮንደንሲንግ (ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ሙቀት) ነው። ከውጭ አየሩ በ25 ዲግሪ ይበልጣል። ንጹሕ ኮይል (ሙቀቱን ወደ ውጭ አየር የሚያወጣው ክፍል) ላይ እንዲህ ያለ ማሽን ከ15 እስከ 17 ቢበልጥ ነው። ኮምፕሬሰሩ 103 አምፒር ይስባል።

ሰርኪዩት 2፦ ሎው ሳይድ (ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚገባው ዝቅተኛ ግፊት) 1.75 ባር። የሳክሽን ቱቦው (ጋዙን ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመልሰው) ሙቀት 10.5 ዲግሪ። ሳይት ግላሱ (ፈሳሹ ጋዝ የሚታይበት መስታወት) ውስጥ አረፋ። ሰብኩሊንግ (ፈሳሹ ከኮንደንሲንግ ሙቀቱ በታች የቀዘቀዘበት መጠን) 1 ዲግሪ ብቻ።

እዚህ ላይ ሐዋሳ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከተማው ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት 1.013 ባር ሳይሆን 0.83 ባር አካባቢ ነው። ጌጃችን (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዡ ግን፣ ጌጁ ፊት ላይ የታተመውም ጭምር፣ የተሠራው ለባሕር ወለል ነው። ስለዚህ እዚህ ጌጁ በ0.18 ባር ገደማ፣ በፒኤስአይ 2.6 ያህል፣ ከፍ አድርጎ ያነባል። ሰንጠረዡ ላይ ከመሄዳችን በፊት ያንን መቀነስ አለብን።

ትንሽ ይመስላል፤ ሎው ሳይድ ላይ ግን ትንሽ አይደለም። የሰርኪዩት 2 ግፊት፣ 1.75 ባር፣ ሳይታረም ሲነበብ ጋዙ የሚተንበትን ሙቀት 1.6 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሰጣል። ሲታረም 3.4 ከዜሮ በታች ነው። ሱፐርሂቱ (የሳክሽን ቱቦው ከዚያ ሙቀት የሚበልጥበት መጠን) በመጀመሪያው ስሌት 12፣ በሁለተኛው 14 ይሆናል። አዳማም ብትሄዱ ያው ነው፣ ከፍታው ይቀራረባል። ከዚህ በታች የማሰፍረው የግፊት ቁጥር ሁሉ ጌጁ ላይ የታየው ነው፤ ሙቀቱን ግን ያሰላሁት አርሜ ነው።

ሱፐርሂት ከፍተኛ፣ ሰብኩሊንግ ዝቅተኛ፣ ሳይት ግላሱ አረፋ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ጋዝ ማነሱን ይናገራሉ። ኃላፊው ስለ ጋዙ ልክ ናቸው። ሎው ፕሬዠር ግን ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉት። የውሃ ፍሰት ካነሰ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያኔ ግን ሱፐርሂቱ ዝቅ ነው የሚለው። ፊልተር ድራየሩ (የጋዙ ማጣሪያና ማድረቂያ) ከተደፈነ ከመግቢያው መውጫው ይቀዘቅዛል። ድራየሩን በሁለት ቴርሞሜትር ለካነው፤ ልዩነት የለውም። ውሃውስ?

የኢቫፖሬተሩ (ጋዙ እየተነነ ውሃውን የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) የውሃ ግፊት ልዩነት ከመግቢያው እስከ መውጫው 22 ኪሎፓስካል። በማሽኑ ሰነድ ላይ በሙሉ ፍሰት 45 ነው። ፍሰት የሚሄደው በግፊቱ ልዩነት ካሬ ሩት ስለሆነ፣ ያለን ውሃ 70 በመቶ ብቻ ነው። ችግሩ አንድ አይደለም ማለት ነው።

ያው ሳምንት፦ ውሃና ኮይል

መጀመሪያ ስትሬነሩን (የውሃ መስመሩን ማጣሪያ) ከፈትን። ዝገት፣ የቴፍሎን ክር፣ የብየዳ ፍርፋሪ። ሕንጻው ሲሠራ የገባ ቆሻሻ ሁሉ እዚያ ተከማችቷል። መረቡ አልተቀደደም፣ ታጥቦ ተመለሰ። ፓምፑ ሲነሳ የግፊቱ ልዩነት 42 ደረሰ። ወጪው አንድ ጋስኬት ብቻ ነው።

ኮይሉ ጊዜ ወሰደ። የሐይቅ ዳር ማሽን የራሱ ጠባይ አለው። ማታ የጣሪያው መብራት ሲበራ ትንኝ ይመጣል። ፋኖቹ ስበው ኮይሉ ላይ ይለጥፉታል። በበጋ ደግሞ አቧራው በላዩ ይጋገራል። ከውጭ ሲታይ ፊኖቹ (የኮይሉ ቀጫጭን የአልሙኒየም ቅጠሎች) ግራጫ ናቸው እንጂ የተደፈኑ አይመስሉም። ፓኔሉን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ከውስጥ ሲያበሩበት ግን ብርሃኑ አያልፍም።

አየሩ ራሱም እዚህ ቀጭን ነው። በዚህ ከፍታ ክብደቱ ከባሕር ወለል አየር በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ አገር የቆሸሸ ኮይል ቶሎ ነው የሚያንቀው።

አንዱ የሆቴሉ ሠራተኛ የላቫጆ ፓምፕ ላምጣ አለ። አይሆንም። ያ ግፊት የአልሙኒየሙን ፊን ያጥፈዋል፤ የታጠፈ ፊን ደግሞ ከቆሸሸው የባሰ አየር ይዘጋል። ብሬከሩን ቆልፈን ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ፣ ፊኑን ተከትለን ከላይ ወደ ታች። ከዚያ ለአልሙኒየም የሚሆን አሲድም ጠንካራ አልካሊም ያልሆነ ማጽጃ። ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ በተራ የአትክልት ጎማ። አየሩ የሚገባው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ ቆሻሻውን በመጣበት ነው መመለስ ያለብን፤ ከውጭ ከረጩት ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቃል። የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነበር። እስኪጠራ ድረስ አላቆምንም። የታጠፉትን በፊን ማበጠሪያ አቃናን።

በተመሳሳይ የውጭ ሙቀት ሰርኪዩት 1 እንደገና ሲለካ፦ ሃይ ሳይድ ከ13.4 ወደ 10.5 ባር ወረደ፣ ኮንደንሲንጉ 44 ዲግሪ። ኮምፕሬሰሩ ከ103 ወደ 88 አምፒር። ቅናሹ በ380 ቮልት ሲሰላ ከ8 ኪሎዋት በላይ ነው። ሌሊትና ቀን በሚሠራ ማሽን ላይ ይሄ ቆጣሪው ላይ የሚታይ ገንዘብ ነው።

ሰርኪዩት 2 ግን ውሃውም ኮይሉም ተስተካክሎለት ሰብኩሊንጉ ከ1 አልነቃነቅ አለ። አሁን ጥርጣሬ የለም፤ የቀረው ጋዝ ነው።

ቅዳሜ ሠርጉ አለፈ። ሰርኪዩት 1 ሙሉ አቅሙን ስላገኘ ውሃው 7.5 ላይ ቆየ። አዳራሹ ቀዘቀዘ፤ አንድ ግራም ጋዝ አልገባም። ሰኞ ኃላፊው ራሳቸው "ቀዳዳውን ፈልጉት" አሉ።

ጥር መጨረሻ፦ ኤሌክትሪኩ

አጭር ግን አስፈላጊ ነው። የሰርኪዩት 1 ሦስቱ ፌዝ ከኮንታክተሩ (ሞተሩን ከሚያበራና ከሚያጠፋው ማብሪያ) በኋላ 384፣ 379፣ 366 ቮልት። ከአማካዩ ትልቁ ልዩነት 2.7 በመቶ። 2 በመቶ ካለፈ ሞተሩ ይግላል፤ የሙቀቱ ጭማሪ ደግሞ በልዩነቱ ካሬ ነው የሚሄደው። ከኮንታክተሩ በፊት ሲለካ ሦስቱም እኩል ናቸው። በኢንፍራሬድ ሲታይ የሦስተኛው ፌዝ ራስ ከጎረቤቶቹ በ40 ዲግሪ ይበልጣል። ቡሎኑ ላልቷል፣ ኬብል ራሱ ጠቁሯል። ቆርጠን አዲስ ራስ አሰርን፣ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅን።

ሁለተኛው ነገር የዘይት ማሞቂያው ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ኩሽናውንና መብራቱን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቺለሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ሲቀዘቅዝ ጋዙ ወደ ዘይቱ ይገባል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ወዲያው ሲነሳ ዘይቱ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ቤሪንጎቹ ያለ ቅባት ይዞራሉ። እንደኛ መብራት የሚመላለስበት ቦታ ኮምፕሬሰር ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። የማሞቂያውንና የኮንትሮሉን መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኘን፤ ጥቂት መቶ ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ ማሞቂያው ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሠራ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሳ መዝገቡ ሽፋን ላይ ተጻፈ።

የካቲት መጀመሪያ፦ ቀዳዳው

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጣሪያ ላይ ሊክ ዲቴክተርን (የፈሰሰ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ) ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። የፈሰሰው ጋዝ አፍንጫው ሳይደርስ ይበተናል። ስለዚህ የምንመጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አየሩ የረጋ ነው።

ከዲቴክተሩ በፊት ግን ዓይን ነው። ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል። ዘይት ባለበት አቧራ ይይዛል። ጥቁርና ርጥብ የሆነ ቦታ ሁሉ ይጠረጠራል። ረዳቴ በዚህ ከእኔ ትበልጣለች፤ የመጀመሪያውን ያገኘችው እሷ ነች። ከዲስቻርጅ መስመሩ (ከኮምፕሬሰሩ መውጫ) ወደ ግፊት ሴንሰሩ የሚሄድ ሩብ ኢንች የመዳብ ቱቦ ነው። ከብረት ማዕቀፉ ጋር የሚይዘው ክላምፕ ጎማው አልቋል። ቱቦው በማሽኑ ንዝረት ብረቱን ሲፈጋ ሲፈጋ ሳስቷል። ሳሙና ሲቀባ ትንንሽ አረፋ፣ በዝግታ። ይቺን ታክል ናት በየዓመቱ ጋዝ ስታስሞላ የኖረችው።

ሁለተኛው የሰርቪስ ቫልቭ (ጋዝ የሚሞላበት አፍ) ኮር ነው። ክዳኑ የለም። ምናልባት ከቀደሙት ሙሌቶች በአንዱ ተፈትቶ ቀርቷል። ክዳኑ ጌጥ አይደለም፤ እውነተኛው መዝጊያ እሱ ነው።

ቱቦው ቫልቭ ሳይኖረው በቀጥታ የተበየደ ነው። ጋዙን በፓምፕ ዳውን (በራሱ ኮምፕሬሰር እየገፋን) ኮንደንሰር ውስጥ ብንሰበስበውም ቀዳዳው ያለው በዚያው በኩል ነው። ሙሉውን ማውጣት ግድ ሆነ። ቱቦው በሌላ ክላምፕ እንዲያዝ አድርገን ጾሙ እስኪገባ ጠበቅን፤ ያኔ የአዳራሹ ሠርግ ይቀንሳል።

የካቲት፣ ጾሙ ከገባ በኋላ፦ ማውጣትና መበየድ

ጋዙን በሪከቨሪ ማሽን (ጋዝ ስቦ በሚሰበስብ ማሽን) ወደ ሁለት የሪከቨሪ ሲሊንደር አወጣን። ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ሲሞቅ ፈሳሹ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል። ባዶ የሆኑትን የአንድ ጊዜ ቦምቦላዎች ለዚህ መጠቀም ክልክል ነው፣ ሰው ይገድላል። ሚዛን ላይ የወጣው 26.4 ኪሎ። ከ38 ላይ 11.6 ጎደለ።

አር134ኤ አንድ ኪሎው አየር ላይ ሲለቀቅ ከ1,430 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ያሞቃል። 11.6 ኪሎው ከ16 ቶን በላይ መሆኑ ነው። ሌላም ነገር አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ በተደረሰው ስምምነት መሠረት የእኛ ዓይነት አገሮች የእነዚህን ጋዞች ፍጆታ ከ2024 ጀምሮ ባለበት አቁመው ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ወደፊት ጋዙ እየጠበበ እንጂ እየበዛ አይሄድም። ያለውን መያዝ ይሻላል።

የሳሳውን ቱቦ ቆርጠን አዲስ ተካን። ንዝረቱን እንዲውጥ አንድ ዙር ጠቅልለን ከብረቱ አራቅነው። ስንበይድ በውስጡ ናይትሮጅን በዝግታ እያሳለፍን ነው። አለበለዚያ መዳቡ ከውስጥ ይጠቁርና ቅርፊቱ ኤክስፓንሽን ቫልቩን (ፈሳሹን ጋዝ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚለቀውን ጠባብ ቫልቭ) ይደፍናል። ኮሩ ተቀየረ፣ የናስ ክዳን ከነኦሪንጉ ገባ።

ከዚያ ቀዳዳ መቅረቱን ለመፈተን ናይትሮጅን 10 ባር። ኦክስጅን ፈጽሞ አይገባም፤ ከዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል። "ናይትሮጅን ስለጠፋ" ብለው ኦክስጅን የሚያስገቡ አሉና ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ ፈጽሞ አይገባም።

ሲገባ 25 ዲግሪ ነበር። ጠዋት 14 ዲግሪ ላይ ጌጁ 9.6 አሳየ። ረዳቴ ደነገጠች። አብረን አሰላነው። 10 ባር ላይ የአየሩን 0.83 ስንደምር 10.83። በኬልቪን 287 ተባዝቶ ለ298 ሲካፈል 10.43። 0.83 ሲቀነስ 9.6። ብርዱ ነው እንጂ ቀዳዳ አይደለም። ሙቀቱን ሳይጽፉ ግፊቱን ብቻ መጻፍ ሰውን የሌለ ቀዳዳ ሲያስፈልግ ይውላል።

ቫኪዩም

የድራየሩ ኮሮች ከአዲስ አበባ መጡ። እሽጋቸው የተከፈተው በመጨረሻው ሰዓት ነው። የዚህ ማሽን ዘይት እርጥበት ይወዳል፤ መስመሩ አየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ነው።

ቫኪዩም ማለት አየሩንና እርጥበቱን ከመስመሩ በፓምፕ ስቦ ማውጣት ነው። እዚህም ከፍታው ይመጣል። ሐዋሳ ላይ ሙሉ ቫኪዩም ቢገኝ እንኳ ተራው ጌጅ ከ24.5 ኢንች ሜርኩሪ አያልፍም። 30ን የሚጠብቅ ሰው "ፓምፑ ደክሟል" ወይም "ይፈሳል" ብሎ ሲደክም ይውላል። ተራ ጌጅ ለቫኪዩም አይሆንም፤ ማይክሮን ጌጅ (በጣም ትንሽ የቀረ ግፊትን የሚለካ) ነው የሚያስፈልገው። ውድ ነው፣ እኛም በውሰት ነው ያገኘነው። ግን ያለ እሱ የሚሠራው ግምት ነው።

ፓምፑን ከጄኔሬተር መስመር ጋር አያያዝነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ቢቆም ቫኪዩሙ የፓምፑን ዘይት ወደ ማሽኑ ሊስብ ይችላል። 420 ማይክሮን ደረሰ። ቫልቩን ዘጋን። ወደ 1,900 ወጥቶ እዚያው ቆመ። ቀዳዳ ቢሆን ሳያቆም ይወጣ ነበር፤ ወጥቶ መቆም የእርጥበት ምልክት ነው። በደረቅ ናይትሮጅን ሰብረን እንደገና ሳብን። ያኔ 380 ገባ፣ ተዘግቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 460። ይሄ ይበቃል።

ሙሌት

አዲሱ ቦምቦላ 13.6 ኪሎ ነው። ከመክፈታችን በፊት ጥላ ውስጥ አቆይተን ግፊቱን ለካን። በ25 ዲግሪ እውነተኛ አር134ኤ እዚህ ከተማ ላይ 5.8 ባር ማሳየት አለበት። ከዚህ ከራቀ ይመለሳል። ልክ መሆኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በመርከብ የሚጫኑ የማቀዝቀዣ ኮንቴነሮች ፈንድተው ሰው የሞተው በውስጡ ሜቲል ክሎራይድ በተቀላቀለበት አስመሳይ ጋዝ ነው። ከአልሙኒየም ጋር ተዋህዶ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ነገር ይፈጥራል። ዋጋው በጣም የረከሰ ቦምቦላ ሲመጣ ይሄን አስታውሱ።

ቫኪዩም ላይ ያለ ኢቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ በቀጥታ አይለቀቅም። ወዲያው ይተንና ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ውሃ ጋዙ መስመር ውስጥ ገባ ማለት ደግሞ ማሽኑ አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ የውሃው ፓምፕ እየሠራ፣ መጀመሪያ በእንፋሎት። ለአር134ኤ ዜሮ ዲግሪ 2.93 ባር አብሶሉት (የአየሩ ግፊት ተደምሮ) ነው፤ ሐዋሳ ላይ ጌጁ 2.1 ሲል መሆኑ ነው። 2.1ን ካለፍን በኋላ በፈሳሽ መስመሩ በኩል በፈሳሽ።

የወጣው 26.4 ኪሎ አስቀድሞ ለአሲድ ተፈትኖ ንጹሕ ስለነበር በድራየር አልፎ ወደዚያው ማሽን ተመለሰ። ከአዲሱ 11.6 ተጨመረ። ጠዋት ቦምቦላው ሲቀዘቅዝ ጋዙ መሄድ እምቢ ይላል። ያኔ ለብ ያለ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል። ሥሩ እሳት የሚያነዱ አሉ፤ እባካችሁ።

ሚዛኑ 38.0 ሲል ዘጋን። የተረፈው 2 ኪሎ ቦምቦላው ላይ ተጽፎበት መጋዘን ገባ።

ሙሉ ሎድ ላይ፣ ውጭ 28 ዲግሪ፦ ሎው ሳይድ 2.3 ባር፣ 2 ዲግሪ፤ ሱፐርሂት 6። ሃይ ሳይድ 10.5፤ ሰብኩሊንግ 7። ሳይት ግላሱ ጠርቷል፣ የእርጥበት ጠቋሚው አረንጓዴ ነው። ውሃ 12 ገብቶ 7 ይወጣል።

ለሂሳብ ክፍሉ ዝርዝሩን ስሰጥ ትልቁ ወጪ ቦምቦላው ነው፤ ቀጥሎ የድራየሩ ኮሮች፣ ናይትሮጅኑ፣ የመበየጃው የብር ሮድ። ይሄን ሁሉ ያመጣው የክላምፕ ጎማ ከአንድ ምሳ ዋጋ በታች ነው።

መጋቢት

ሙቀቱ ገብቷል። ሰርኪዩት 2 ሰብኩሊንጉ አሁንም 7 ነው። በጠዋት በዲቴክተር ዞርንበት፤ ዝም ብሏል።

ሰርኪዩት 1 ላይ ያንኑ ቱቦ አየን። ያው ክላምፕ፣ ጎማው ግማሽ ድረስ አልቋል። መዳቡ ላይ ጭረት ጀምሯል፣ ገና አልሳሳም። ቱቦውን አራቅን፣ ሁሉንም ክላምፖች አዲስ ጎማ አለበስን። ኃላፊው አጠገባችን ቆመው በራሳቸው እጅ መዝገቡ ላይ ጻፉ፦ ቀን፣ የውጭ ሙቀት፣ ሎው፣ ሃይ፣ ሱፐርሂት፣ ሰብኩሊንግ፣ አምፒር፣ የገባ ጋዝ በኪሎ። በመጨረሻው ዓምድ ዜሮ አሰፈሩ።

የቀረው፦ ኮይሉን ከክረምቱ በፊት እንደገና ማጠብ፣ የጣሪያውን መብራት ከማሽኑ ማራቅ፣ የሰርኪዩት 2 ቁጥር ሦስት ፋን ቤሪንግ። ድምፅ ጀምሯል፤ ትዕዛዙ ተልኳል።